ሁለት ጣት

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። ዛሬም በረዶ የቤታችንን ጣራ ሲደበድብ ስሰማ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ወዲያው ደግሞ አንዲት ሴት ትዝ ትለኝና ብቻዬን "እግዚአብሔር ይስጥሽ" እላለሁ።

የምኖረው ኦሮራ ከተማ፣ ሎውሪ የሚባል ሰፈር አጠገብ ነው። ኮሜርስ ሲቲ ባለ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ ሕይወት ነርስ ናት፤ የምትሠራው ቀን ነው። አባቷ ጋሼ ተፈራ የባሕር ዳር ሰው ናቸው። እናቷ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ከሚሆኑ ብላ ከአገር ቤት ወደ እኛ አመጣቻቸው። ስለዚህ ቀን ቀን ቤት የምንውለው እኔና እሳቸው ነን።

መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ዝምተኞች ነበርን። "እንዴት አደሩ ጋሼ?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" ከዚያ በኋላ እሳቸው መስኮቱን፣ እኔ ስልኬን እናይ ነበር። ክፉ ነገር በመካከላችን አልነበረም፤ ወሬ ብቻ ነው ያልነበረን። ከሰው ሲያስተዋውቁኝም "የልጄ ባል ነው" ብቻ ይሉ ነበር።

ያቀራረበን ብስክሌት ነው። አንድ ጎረቤታችን ቤት ሲለቅ የማይፈልገውን ዕቃ ከደጁ አውጥቶ፣ የፈለገ ይውሰድ ብሎ ሄደ። ጋሼ ከዚያ መሃል አንድ አሮጌ ብስክሌት አንስተው እየገፉ መጡ። ባሕር ዳር ዕድሜያቸውን ሁሉ ሥራ ሲመላለሱ የኖሩት በብስክሌት ነበር። ጎማውን ነፉት፣ ፍሬኑን አጠበቁት፣ ከዚያ ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኗል። እኔም ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁና ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መውጣት ጀመርን።

አነዳዳችን የሽርሽር ነው። መጀመሪያ በወንዙ ዳር ባለው ሜዳ መንገድ ነበር፤ በኋላ ሜዳው ሰለቻቸውና "ያ ተራራ የሚታየው ለማየት ብቻ ነው እንዴ?" አሉኝ። ስለዚህ ብስክሌቶቹን ከመኪናዬ ኋላ እየጫንን ከሊትልተን ወዲያ ወዳሉት ኮረብታዎች መሄድ ያዝን። መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በየጥጉ የፈረስ በረትና የእንጨት አጥር አለ። ጠባብ ልብስ የለበሱት ብስክሌተኞች እንደ ጥይት ያልፉናል። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ የሱሪያቸውን እግር ካልሲያቸው ውስጥ ከተው፣ ላለፈው ሁሉ እጃቸውን እያነሡ ሰላምታ ይሰጣሉ። ዳገቱ ሲጠና ወርደው ይገፋሉ። ፈረስ ካዩ ደግሞ ጉዞው እዚያው ቆመ ማለት ነው።

ያን ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከኮረብታው ሥር ባለው ፓርኪንግ መኪናዬን አቆምኩና ተነሣን። ቦርሳው የሚታሰረው ከእኔ ብስክሌት ላይ ስለሆነ፣ እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን እዚያ ውስጥ ከተቱት። ረጅሙን ዳገት ጨርሰን፣ ጥላ ሥር ዐርፈን፣ ቁልቁል ስንመለስ የእኔ ብስክሌት ካቴና ወለቀ። ጋሼ ከፊቴ ነበሩ።

"ጋሼ! ይቁሙ!" ብዬ ጮኽኩ። ነፋሱ ወደ እኔ ነበርና አልሰሙኝም። ኮታቸው እየተነፋ ከመታጠፊያው ወዲያ ተሰወሩ።

ግድ የለም፣ ታች ይጠብቁኛል ብዬ ካቴናውን ለማስገባት ተቀመጥኩ። እምቢ አለኝ። እጄ በግራሶ ጠቁሮ፣ አስገብቼ ቀና ስል ከተራሮቹ ጀርባ ጥቁር ደመና ወጥቷል። እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል፤ ነሐሴ እዚህ በጋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲመጣ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ጥቂት ወርጄ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስኩ። ግራው ወደ መኪናችን ይወርዳል። ቀኙ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ጋሼ የሉም። በዚህ ደመና ማን ሽቅብ ይወጣል ብዬ በግራ ወረድኩ።

በረዶው መንገድ ላይ ያዘኝ። መጀመሪያ እንደ ሽምብራ ነበር፤ ከዚያ እንደ ለውዝ ሆነ። ሄልሜቴን ይደበድበዋል፣ ጣቶቼን ይጠብሰኛል፣ አስፋልቱ ነጭ ሆኖ ጎማዬ ይንሸራተታል። ወርጄ እየገፋሁ ሮጥኩ። በአፌ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "መኪናው ጋ ይሆናሉ። መኪናው ጋ ይሆናሉ።"

መኪናው ጋ ማንም አልነበረም።

ጋሼን አሰብኩ። እንግሊዝኛ አይችሉም። ስልካቸው ከእኔ ጋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። መብረቁ ኮረብታው ላይ ይጮኻል። ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት የአባትህን መልክ፣ ልብሳቸውን፣ ዕድሜያቸውን ንገረኝ አለችኝ፤ ሰው እልካለሁ፣ ካለህበት አትንቀሳቀስ አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ የሕይወትን ስም አወጣሁና እያየሁት ቆምኩ። ምን ብዬ ልንገራት? "አባትሽን ጣልኳቸው" ይባላል?

በረዶው ወደ ዝናብ ሲለወጥ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ቀስ እያለ ወደ ፓርኪንጉ ገባ። ከኋላው የተጫነ ብስክሌት አየሁ። የጋሼ ብስክሌት ነው። ውስጥ ግን ያለችው አንዲት ነጭ ሴት ብቻዋን ናት።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። ብስክሌቱ አለ፤ ሰውየው የሉም። መጥፎውን ሁሉ አሰብኩ።

ሴትዮዋ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። ስድሳን የተጠጋች፣ ሰፊ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ናት። እኔን አየች፣ ብስክሌቴን አየች፣ ከዚያ ሁለት ጣቷን አንሥታ አሳየችኝ።

"ሁለተኛው አንተ ነህ?" አለችኝ።

"አባቴ! አባቴ የት ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። "የፈረስ ቤቴ በር ላይ ተቀምጠዋል። ና ግባ።"

መንገድ ላይ ነገረችኝ። ስሟ ዶሪስ ነው፤ ቤቷ በቀኝ በኩል ባለው ዳገት ላይ ነው። በረዶው ሲጀምር ፈረሶቿን ልታስገባ ስትወጣ፣ አንድ ሽማግሌ መንገዱ መሃል ቆመው ኮታቸውን በራሳቸው ላይ ይዘው አየቻቸው። ግቡ ብላ ብትጠራቸው እምቢ አሉ። እጃቸውን ብትጎትት እምቢ አሉ። ሁለት ጣት እያነሡ ወደ ኋላ፣ ወደ መጡበት ያሳዩዋታል።

"መጀመሪያ አልገባኝም" አለችኝ። "በኋላ 'ማይ ሰን፣ ማይ ሰን' ሲሉ ሰማሁ። ሌላ እንግሊዝኛ አልነበራቸውም። ያኔ ገባኝ። ልጃቸው ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ሳያገኙት አይጠለሉም።"

ወንበር አውጥታ ከፈረስ ቤቱ በር ሥር፣ መንገዱ በሚታይበት በኩል አስቀመጠችላቸው። እኔ እፈልገዋለሁ ብላ በምልክት ስትነግራቸው፣ ጋሼ ብስክሌታቸውን አንሥተው ፒክአፑ ላይ ጫኑላት። እሷን አላውቃትም፤ ብስክሌቱን ካየሁ ግን እንደማቆማት ገብቷቸዋል። በዚያ በረዶ ውስጥ ላይ ታች እያለች ስትፈልገኝ ቆይታ ነው ፓርኪንጉ የደረሰችው።

ስንደርስ ጋሼ የፈረስ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። የእጃቸው ጀርባ በበረዶ ተመትቶ ቀልቷል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። አቅፌያቸው ላለቅስ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

"አንተ ልጅ! የት ነው የጠፋኸው?" ብለው ተቆጡኝ። "ሰው እንዲህ ያስደነግጣል?"

"እኔ ጠፋሁ ጋሼ? እርስዎ ነዎት እንጂ የጠፉት!"

"እኔ ምን አጠፋኝ? ፈረሶቹን ልያቸው ብዬ ወጣሁ፣ ዞር ስል የለህም።" ከዚያ እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው እያሻሹ፣ "ወድቆ ቀርቷል ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። እኔን እንዲያ ብለው ሲጠሩኝ በራሴ ጆሮ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ለናይን ዋን ዋን ደውዬ መገኘታቸውን ነገርኩ። ለሕይወትም ደወልኩ፤ አልቅሳ ስታበቃ ሁለታችንንም ተራ በተራ ተቆጣችን። ዶሪስ ትኩስ ቸኮሌት በወተት ይዛ መጣች። ጋሼ ፈገግ ብለው ኩባያውን በእጃቸው መለስ አደረጉና ወደ ሰማይ አሳዩዋት። እሷ ደግሞ ስለ ዝናቡ የሚያወሩ መስሏት "አዎ፣ አዎ፣ እያባራ ነው" ትላቸዋለች። ጾም መሆኑን ሳስረዳት ከት ብላ ሳቀች፤ ሄዳ ሻይና የተጠበሰ ዳቦ አመጣች። ጋሼ አማትበው በሉ።

ልንሄድ ስንል ተነሡና ኮታቸውን ቆልፈው መረቋት። ረጅም ምርቃት ነው። ቤትሽ አይጉደል፣ መንገድሽ ይቃና፣ የወጣው ይግባልሽ፣ የጠፋው ይገኝልሽ። ዶሪስ አንድም ቃል ሳይገባት እጇን አጣምራ አንገቷን ደፍታ ሰማች። "ምን አሉ?" ብላ ስትጠይቀኝ ሁሉንም መተርጎም አቃተኝ። "ላንቺ እየጸለዩ ነው" አልኳት። "ገምቻለሁ" አለችኝ።

ጋሼ አሁንም ቅዳሜ ከቤት አይቀሩም፤ ስልኩ ግን ኪሳቸው ውስጥ ነው። የብርዱ ወራት ሲያልፍ ወደዚያ ሄደን ሕይወት የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ለዶሪስ አድርሰንላታል። ቤት ውስጥም ወሬ አላጣንም፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ጋሼ ሲያወሩ ሥራ እስከማረፍድ ደርሻለሁ።

ያን ቀን ሳስበው፣ በዚያ በረዶ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። ጋሼ እኔን ይፈልጋሉ፤ እኔ እሳቸውን እፈልጋለሁ። ይህ የቤተሰብ ወግ ነው፤ ማንም ያደርገዋል። ሦስተኛዋ ግን ፈረሶቿን አስገብታ ቤቷ መግባት ትችል ነበር። እሷ ሁለታችንንም አታውቀንም ነበር፤ ግን አንዱን አስጠልላ ሌላውን ልትፈልግ ወጣች።