ድንኳን የሌለበት ለቅሶ

መርካቶ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ እየሸጥኩ ነው ያረጀሁት። ሰው የሚያስታውሰኝ በዓል ሲደርስ ብቻ ነው። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው «እትዬ፣ እትዬ» እያለ ደጄን ይረግጣል፤ በዓሉ ካለፈ ዞሮም አያየኝም። አልቀየምም፤ እኔም ብሆን ካልገዛኝ ሰው ጋር ብዙ ወሬ የለኝም። ከሱቄ ጣሪያ ሥር በመሰላል የሚወጣ ቆጥ አለ፣ ትርፍ ዕቃ የማስቀምጥበት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከጋቢው ክምር ጀርባ ሰውም ስደብቅበት ነበር።

እነማን እንደሆኑ ሳልሸፋፍን ልናገር። ወንድ ሆነው ወንድ የሚወዱ፣ ሴት ሆነው ሴት የሚወዱ፣ ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት የሆኑ፣ ሴት ተብለው ተወልደው ወንድ የሆኑ ልጆች ናቸው። ሰፈራችን ለእነሱ ያለው ቃል ሁሉ ስድብ ስለሆነ እኔ «ልጆቹ» ነበር የምላቸው። ፎቷቸው ከስልክ ስልክ ሲዞር፣ አከራይ ዕቃቸውን ደጅ ሲጥለው፣ የገዛ ወንድማቸው ሊገድላቸው ሲፈልጋቸው አንዱ ለአንዱ እየነገረ ወደ እኔ ይመጣሉ። እስኪረጋጋ አሳድራቸዋለሁ። ከዚያ የማምነው ሹፌር ይዟቸው ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ናይሮቢ ደግሞ ከእነሱው አንዷ የሆነች ልጅ ትቀበላቸዋለች።

ከናይሮቢ ወዲያ ያለው ወረፋ ነው። አንዱ ካናዳ ገብቷል። እየደወለ ብርዱ ገደለኝ ሲለኝ «ጋቢ ግዛ ስልህ የናቅከኝ አንተ አይደለህ?» እለዋለሁ፤ እንስቃለን። የቀሩት ግን እዚያው ናይሮቢ ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበባቸው ነው። ክፍል ይከለከላሉ፣ ይራባሉ፣ እዚያም የሚደበድባቸው አልጠፋም። መውጣት መዳን አለመሆኑን እያወቅሁ ነበር የምሸኛቸው። እዚህ የሚጠብቃቸውንም ስለማውቅ ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ የከተተችኝ አንዲት ጥልፍ ሠሪ ናት። ሥራ ፍለጋ ስትመጣ ሱሪ የለበሰች፣ የወንድ ስም ያላት ልጅ ነበረች። እኔም «አንተ» እያልኩ መርፌና ክር ሰጠኋት። እንደሷ ያለ እጅ አላየሁም፤ የጠለፈችው ነጠላ ሳይሰቀል ይሸጥ ነበር። ከዓመት በላይ አብረን ከሠራን በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ገበያው ቀዝቅዞ ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ዓይኗን ከጥልፉ ሳታነሳ «እትዬ፣ አንቺ በይኝ» አለችኝ። እኔ ቁጡ ሴት ነኝ፤ ሰፈሩ ይመሰክራል። የዚያን ቀን ግን ቁጣው አልመጣልኝም። ብዙ ነገር እንደገባኝ ሳይሆን ልጅቷን ስለወደድኳት ነው። «አንቺ» ለማለት አፌን ለተወሰነ ጊዜ ያዘኝ፤ ከዚያ ለመደ።

ሌሎቹን ልጆች ያመጣችልኝ እሷ ናት። ስንቅ ትቋጥርላቸዋለች፣ ታጽናናቸዋለች፣ ትሸኛቸዋለች፤ ራሷ ግን አትሄድም። «አንቺስ መቼ ነው?» ስላት «እማዬን ማን ያይልኛል?» ትላለች። እናቷ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ባለች ትንሽ ከተማ ከትልልቆቹ ወንድ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ወር በገባ ቁጥር ትልክላቸዋለች፣ ማታ ማታ ትደውልላቸዋለች። እሳቸው ጋ ስትደውል ድምጿን ታጎረንን ነበር፤ ስልኩን ስትዘጋ ጉሮሮዋን ትይዛለች።

ከዚያ ሰባተኛ ሰፈር በተከራየችበት ግቢ ቀሚስ ለብሳ ልብስ ስታሰጣ ጎረቤት ደብቆ ቀረጻት። ቪዲዮው ዞሮ ዞሮ ወንድሞቿ ዘንድ ደረሰ። ፎቶዋን ይዘው መርካቶን ማሰስ ጀመሩ። ከሱቄ ቀጥሎ ክርና ገበር የሚሸጡ ጎረቤት አሉኝ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ የጉራጌ ሰው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የቆጡን ነገር ያውቃሉ፣ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ወንድሞቿ ፎቶውን ሲያሳዩዋቸው «ወላሂ አላውቀውም» ብለው መለሷቸው። ልጅቷ ከእሳቸው ራስ በላይ፣ ከግድግዳው ማዶ ቆጤ ላይ ተኝታ ነበር። ከዚያ በሐሰት ስለማሉ ጾሙ። አመሰግናለሁ ስላቸው «ለእሷ አይደለም የጾምኩት፣ ለምላሴ ነው» አሉኝ።

አሁን መሄድ ግድ ሆነ። ሹፌሩ ሐሙስ እንደሚነሳ ነገረን። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለች። ሻንጣ አላስፈለጋትም፤ መርፌዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ጨረሰች።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኳ ጠራ። ታናሽ ወንድሟ ነበር፣ ከሁሉም ለእሷ የሚያደላው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለያዘችው ሦስታችንም ሰማን፤ ጋሼ መቀስ ሊዋሱ ገብተው ነበር። ልጁ ቀስ ብሎ «እማዬን ትንሽ አሟታል። ብትመጣ ጥሩ ነው» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ላለ ሰው ትንሽ አሟታል ይባላል፤ ሰሚውም ነገሩ ይገባውና ዝም ብሎ ይነሳል፤ ደጁ ሲደርስ ድንኳኑን ያያል። በእውነት የታመመ ሰው ሲኖርማ ሆስፒታል ገብታለች፣ ብር ላክ ነው የሚባለው። ስለዚህ ማናችንም አልጠየቅንም። እሷ የእናቷን ስልክ ሞከረች፤ ዝግ ነው። ጋሼ «ኢና ሊላሂ» ብለው ወጡና የሱቃቸውን መዝጊያ በግማሽ አወረዱ፤ ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት እንደሚደረገው። እኔም የእኔን አወረድኩ።

አትሂጂ ብዬ ለመንኳት። መኪናው ሐሙስ ይነሳል፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ መንገድ መቼ እንደሚገኝ ማንም አያውቅም፣ እናትሽም ቢኖሩ ሂጂ ነው የሚሉሽ አልኳት። ወንድሞችሽስ?

«ለቅሶ ላይ እኮ ደመኛ እንኳ ይላቀሳል እትዬ» አለችኝ። «ድንኳን ውስጥ ማን እጁን ያነሳብኛል? ቀብሬ በማግስቱ እመለሳለሁ። እናቴን ሳልቀብር ውጭ አገር ሄጄ ምን እሆናለሁ?»

ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው «ለቅሶ ላይስ አይነኳትም» አሉ። እኔም ልመናዬን ተውኩ። ያደግነው ሁላችንም እንዲሁ ነው፤ ስንትና ስንት ጠብ ድንኳን ሥር ሲበርድ አይተናል።

ከዚያ ነጠላ ስጪኝ አለችኝ። ራሷ የጠለፈችውን፣ ለደንበኛ የተቀመጠውን አወረድኩላት። ቆጡ ላይ ወጥታ ነጠላውን አዘቅዝቃ፣ ሴት ልጅ ለእናቷ እንደምትለብሰው ለበሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በጋቢ አፍና ደረቷን መታች። «እናቴ፣ ሴት ልጅሽ ነኝ፣ እንዲህ ሆኜ ሳታይኝ» እያለች አለቀሰች። ለብዙ ሰው አልቅሻለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን አላለቀስኩም። ሲወጣላት ነጠላውን አጣጥፋ መለሰችልኝ። መቀሱን አንስታ ሰጠችኝ። ሁለት ዓመት ያሳደገችውን ጸጉር እኔ ቆረጥኩላት። ሱሪና ጃኬት ለበሰች። በእናቷ ድንኳን ወንድ ልጅ ሆና ልትቆም ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ከመኪና ወርዳ ወደ ቤት እየሄደች ደወለችልኝ። አካሄዷ ይሰማኛል፣ የጠጠሩ ድምፅ። አንዲት ጎረቤት ሰላም አለቻት፤ ግን አላለቀሰችም። እርምጃዋ ቆመ። «እትዬ» አለችኝ፣ «ድንኳን የለም።»

ተመለሺ አልኩ። ሩጪ አልኩ። የወንዶች ድምፅ ሰማሁ፣ ወዲህ ና የሚል። ከዚያ ስልኩ መሬት ወደቀ መሰለኝ፤ ጠጠሩ ጆሮዬ ውስጥ ተንኮሻኮሸና ጠፋ።

መኪናው ሐሙስ ሄደ። ፖሊስ ዘንድ ሄጄ ምን ብዬ ልክሰስ? መጀመሪያ የምትታሰረው እሷ ናት፣ ቀጥዬ እኔ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ታናሽ ወንድሟ ደወለልኝ። እያለቀሰ ነው። ታላላቆቼ የእማዬን ስልክ ዘግተው እኔን ይህን በል አሉኝ፣ እኔ የሚመክሯት መስሎኝ ነበር አለኝ። እናቱ ሳይሰሙ ከመንገድ ላይ ወስደው ሩቅ ያለ ጠበል እንዳስገቧት፣ በሰንሰለት እንዳሰሯትም ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የእሱም ስልክ ጠርቶ አያውቅም።

ሱቄን ለጋሼ አስረክቤ ወደዚያ ጠበል ሄድኩ። ጠበሉን በመጥፎ አላነሳውም፤ እኔም ወገቤን ታምሜ የዳንኩት በጠበል ነው። እዚያ ያሉት አገልጋይ ሽማግሌ ፎቶዋን ሳሳያቸው ወዲያው አወቋት። «ሰንሰለቱን ይዘው የመጡት ወንድሞቹ ናቸው» አሉኝ። «እኔ ፍቱት ብዬ ለምኛለሁ። መጨረሻ ላይ እህል እምቢ አለ። ሲደክም መጥተው ወሰዱት።»

«በእግሩ ሄደ አባቴ?»

«በቃሬዛ» አሉኝ። ወዴት እንደወሰዷት አያውቁም።

ይኸው ነው የማውቀው። ብትሞት የት እንደተቀበረች አላውቅም፤ ብትኖር የት እንዳለች አላውቅም። ወንድሞቿ ስልኳን ስለያዙ እኔንም አውቀውኛል። አንድ ቀን በማላውቀው ቁጥር ተደውሎ ሱቅሽ ቢቃጠል የሚያጠፋልሽ የለም ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ የሚመጡትን ልጆች መመለስ ጀመርኩ። አንዱ ደጄ ላይ ቆሞ «ታዲያ የት ልሂድ?» ሲለኝ ነጠላ እንደሚሸጥ ሰው ዋጋ ነገርኩት፤ አላፊ አግዳሚ እያየን ነበር። ዞሮ ሄደ። ቆጡ አሁን የጋቢ ቆጥ ነው። ማምሻውን ሱቅ ስዘጋ ሁለተኛ ባልከፍተው እላለሁ፤ በነጋታው እከፍታለሁ።

ከጥምቀት በኋላ አንዲት ቀጭን አሮጊት በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፈው ሱቄ ገቡ። «ሸማ ተራ ጥልፍ የምታሠሪው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ነኝ ስላቸው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ደንግጬ ያዝኳቸው። ፊታቸውን ቀና ሲያደርጉ አወቅኋቸው፤ ዓይናቸው የልጅቷ ዓይን ነው።

«ልጄን ውጭ አገር የላክሽልኝ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ወንድሞቹ ነገሩኝ። መርካቶ ያለች ጥልፍ የምታሠራ ሴት ናት የላከችው አሉ። እነሱ ተቆጥተው ነው የነገሩኝ፤ እኔ ግን ተደፍቼ መሬት ሳምኩ።»

ወንበር ሰጠኋቸው። ልጃቸው ምን እንደሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁ እንደነበር ነገሩኝ። እናት ምን ይሰወራታል አሉ። ሲመቱት ማስጣል አልቻሉም፤ ስለዚህ የማይመቱት አገር አድርሽልኝ ብለው ለእመቤታችን ተሳሉ። አሁን ስለታቸውን ሊያስገቡ መጡ። ላስቲኩን ፈቱት፤ ቀይ ከፋይ የስለት ጥላ ነው፣ ዙሪያው በወርቅማ ክር የተዘመዘመ። ከደላላ ጋር ተከራክረው፣ ከመርካቶ ራሳቸው ነው የገዙት።

«ይደውልልዎታል?» አልኳቸው፣ «እሱ» ለማለት ምላሴን እየጎተትኩ።

«ለወንድሞቹ ይደውላል። የእኔን ድምፅ ከሰማ ሆዱ ይባባል ብለው ነው የማያገናኙኝ። ይሁን፣ ደህና ይሁንልኝ እንጂ።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ሞተች እንዳልል አላየሁ፣ አለች እንዳልል አላየሁ። የያዙት ያንን ጥላ ብቻ ነው፤ እሱን ቀምቼ ምንስ ልሰጣቸው? ላስቲኩን አጣጥፌ ሰጠኋቸው።

አሮጊቷ ተነሥተው ደጄ ላይ ወጡና ጥላውን ዘረጉት። የሚያልፈው ተሸካሚ፣ የሚገበያየው ሰው ሁሉ ቆመ። «እንኳን ሰመረልዎት» አላቸው አንዱ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ፤ ጥርስም ትንፋሽም እንደሌላቸው በእጃቸው እያሳዩ «እኔ አልችልም፣ አንቺ እልል በይልኝ» አሉኝ። «ያደረስሽልኝ አንቺ ነሽ።»

እልል አልኩ። የቆሙት ሴቶች ተቀበሉኝ። ጋሼ እልልታዬን ሰምተው፣ ልጅቷ የተገኘች መስሏቸው፣ ፊታቸው በርቶ በግማሽ ሩጫ ከሱቃቸው ወጡ። ዓይኔን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። እናቷ እያዩኝ ስለነበር እልልታውን አላቋረጥኩም።