ራሱን የወቀሰው ዳኛ

ባለቤቴ የከተማችንን የእግር ኳስ ውድድር ሲጀምር ቡድኖቹ አራት ብቻ ነበሩ። ሜዳውን በኖራ የሚያሰምረው እሱ፣ ዳኛው እሱ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ስለ ጨዋታው በከተማው ጋዜጣ ላይ የሚጽፈውም እሱ ነው። ማልያውን የማጥበው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ እሁድ ከአራቱ አንዱ የሆነውን የአናጢዎቹን ቡድን ንጹሕ ጎል ሻረ። ኳስ መትቶ ጥሎ እንዳይሰብርበት ብሎ መነጽሩን ቤት ትቶት ሄዶ ነበር። አናጢዎቹ «ሁለተኛ አንመጣም!» ብለው ወጡ። እነሱ ከቀሩ ውድድሩ መፍረሱ ነው። ባለቤቴ እህል አልቀምስ አለ።

«አንተ ሰው፣ ጥፋትህን ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ጻፈው። ሌላውን ስትወቅስ ብዕርህ መቼ ሰንፎ ያውቃል?»

ማክሰኞ ጋዜጣው ላይ «ጎሉ ትክክል ነበር፤ ዳኛው አላየም። ዳኛው እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። እኔም ከአሮጌ ቀሚሴ ላስቲክ ፈትቼ እንዳይወድቅበት መነጽሩ ላይ አሰርኩለት።

እሁድ ሰዓቱ ደርሶ አናጢዎቹ አልታዩም። ፊሽካውን ጨብጦ መንገድ መንገዱን ሲያይ አንጀቴን በላው። በመጨረሻ ተንጋግተው መጡ። አለቃቸው ላስቲኩን አይቶ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ዛሬ ሰበብ የለዎትም!»

«የለኝም ልጄ» አለና ፊሽካውን ነፋ።

እኔም ሰኞ የማጥበውን ጭቃ ከወዲሁ እያየሁ፣ እሰይ አልኩ።