አልድን ያለው ጣቴ

የስኳር ፋብሪካው ፈረንጆች መንግሥት ፋብሪካውን በወረሰ ጊዜ ሲሄዱ የጎልፍ ሜዳቸውንና ዱላዎቻቸውን ትተውልን ሄዱ። ከናዝሬት ወረድ ብሎ ባለው በዚያ ፋብሪካ እኔ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። እሑድ ከውይይት ክበብ ስንለቀቅ ዱላዬን ይዤ ወደ ሜዳው እሮጣለሁ። የሚያስተምረን ስላልነበር ሁላችንም ሸንኮራ እንደሚቆርጥ ሰው፣ እንደ ገጀራ ጨብጠን ነበር የምንመታው። በሁለተኛው ወር የቀለበት ጣቴ ታጥፎ አልዘረጋ አለ። ሥራ ላይ የጨበጥኩትን መፍቻ መልቀቅ አቃተኝ።

ናዝሬት ውስጥ አንዲት የታወቁ ወጌሻ ነበሩና ሄድኩ። "አካም ጅርታ" ብለው ተቀበሉኝ፤ ጣቴን አገላብጠው ካዩ በኋላ ልጃቸውን ጠሩ።

"እሷ ትሽህ። የመጀመሪያ በሽተኛዋ አንተ ነህ። ካዳነችህ ሙያዬን አወርሳታለሁ፤ እጇ የማያድን ከሆነ ግን ሰው አታሠቃይም" አሉኝ።

ልጅቷ ጣቴን ለብ ባለ የጨው ውሃ ነከረች፤ ቅቤ ቀብታም ከሥሩ ጀምራ ቀስ እያለች አሸችው። ዐይኗን ከጣቴ አላነሳችም። እኔ ደግሞ ከፊቷ።

"እስክትድን ሐሙስ ሐሙስ እየመጣህ ትታሻለህ፤ ሁለት ሳምንት ዱላ እንዳትነካ" አለችኝ። "ከዚያ በኋላም ላላ አድርገህ ያዘው፤ አያመልጥህም። ሳትጀምር ጣቶችህን አፍታታቸው። ሲያምህ ተወው።"

ምክሯ ልክ ነበር። ችግሩ፣ ከዳንኩ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ቤት የምሄድበት ምክንያት አይኖረኝም። እኔ ደግሞ ሴት ፊት ምላሴ የሚተሳሰር ሰው ነኝ። ስለዚህ እሑድ ዱላውን ጥርሴን ነክሼ እጨብጠዋለሁ፤ ሐሙስ ያበጠ ጣቴን ይዤ ከች! ጅል ብትሉኝ አልቀየምም። ስድስት ሐሙስ እንዲህ ሄድኩ።

በሰባተኛው እናትየው ብቻቸውን ነበሩ።

"እጇ አያድንም፤ አንተን አየሁ እኮ። መቂ አክስቷ ጋ ሽንኩርት ልትለቅም ሄደች። ና፣ እኔ ልሽህ።"

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አፈርኩና "ሌላ ቀን" ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ዱላ አልነካሁም። በሦስት ሳምንት ጣቴ ደህና ሆነ፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ መቂ ሄድኩ። ማሳ ዳር ሽንኩርት በጆንያ ስትሞላ አገኘኋት፤ መዳፏ ተሰነጣጥቋል። ጣቴን ዘረጋሁላት። አጠፈችው፣ አቃናችው፣ ፊቷ በራ።

"ማን አሸህ?"

"አንቺ" አልኳት። ያደረግሁትንም፣ እንደምወዳትም ነገርኳት።

እስክጨርስ ሰማችኝና "ለእማዬ ነግረሃታል?" አለች።

"አልነገርኳቸውም።"

"ታዲያ መጀመሪያ እዚያ አትሄድም ነበር?" ጣቴን ለቀቀችው።

በዚያው ቀን ተመልሼ ለእናቷ ተናዘዝኩ። አስመጧት፤ ሙያውንም አወረሷት። እጇ ብዙ ሰው እንዳዳነ እሰማለሁ። እኔ ግን በየትኛው ፊቴ ያንን ደጅ ልርገጥ? እሷን እንደናፈቅሁ ቀረሁ።