መደርደሪያው ላይ የቀረው ቅል

ሰበታ ፖሊስ ጣቢያ ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ የቆዳ መጋዘን ነበር። በሩን ከፍተው ሲገፈትሩኝ ከሰው በፊት የተቀበለኝ የጨውና የከረመ ቆዳ ሽታ ነው። ባዶ መስሎኝ ነበር። ከጥጉ ግን «አከም ቡልቴ?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ። እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ሦስት ጥፊ ቀምሶ የገባ ሰው እንዴት አደርክ ሲባል ምን ይመልሳል? «ደህና» አልኩ፤ ደግሞ ሳቄ መጣ።

የታሰርኩት በወረቀት ነው። የክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። በጎን ደግሞ ተማሪ ጓደኞቼ «መሬት ላራሹ» እያሉ የሚበትኑትን ወረቀት ተቀብዬ በፋሻ ካርቶን ውስጥ እደብቅላቸው ነበር። ጀግና አልነበርኩም። ያገኙብኝም ካርቶኑን መክደን ረስቼ ነው።

ሽማግሌው የፉሪ ገበሬ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ኦቦ እላቸው ነበር፣ ኦቦ ይበቃል። በምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው «በገመድ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ሲወጣ እዚሁ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ ቡራዩ ላይ ወፍጮ ነበረው። ለገመድ ብሎ ከወፍጮው አጠገብ ረጅም ተክል ይዘራል፤ ልጡ ተልጦ ይጎነጎናል። እሱ ዘንድ ይሠሩ የነበሩት ኦቦ፣ ሰውዬው ሲሞት ዘሩን ቋጥረው ፉሪ ወሰዱትና ጓሯቸው ተከሉት። ከዓመታት በኋላ የመጨረሻ ልጃቸውን የሚጥል በሽታ ያዛት። ጠበል ተሞከረ፣ መድኃኒት አዋቂ ተጠራ፤ አልሆነም። አንድ ቀን ባለቤታቸው ከዚያ ተክል ቅጠልና አበባ ጨምረው ቅቤ አነጠሩና አቀመሷት። ለምን እንዳደረጉት እሳቸውም አያውቁትም፤ ጨንቋቸው ነው እንጂ። በቀን አራት አምስት ጊዜ ትወድቅ የነበረችው ልጅ በሳምንት አንዴ፣ ኋላም በወር አንዴ ሆነች።

እኔ ባለሙያው ይህን ስሰማ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሳቅኩባቸው።

«ኦቦ፣ ይሄማ ሐሺሽ ነው። ሰው ያሳብዳል እንጂ መቼ ያድናል?»

«አላበደችም።»

«ራሷን አያዞራትም? ሳቅ ሳቅ አይላትም?»

«ራሷን አያዞራትም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከእናቷ ጋር ጥጥ ትፈትላለች። እኔም እኮ ቀምሼዋለሁ። ሚስቴ ‹ነገረኛነትህን እንኳ አልቀነሰልህም› ነው ያለችኝ።»

ከትምህርቴ የማስታውሳትን አንዲት ገጽ ይዤ ሙጭጭ አልኩ። ሐሺሽ ሐሺሽ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። ኦቦ አልተቆጡም። «እሺ ዶክተር» አሉኝና ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ያውቃሉ።

ፖሊሶች ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው፣ የቅቤውን ቅል ለማስረጃ ብለው ወስደውባቸዋል። ቤት የቀረ የለም። ባለቤታቸው በየቀኑ ስንቅ ይዘው ይመጡና ከጣቢያው የሽቦ አጥር ማዶ ሆነው በጣታቸው ያሳያሉ፤ ልጅቷ ስንቴ እንደወደቀች መንገራቸው ነው። መጀመሪያ አንድ ጣት። በማግስቱ ሦስት። ኦቦ ጣቶቹን አይተው አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ከዚያ «አይዞሽ» ብለው ስንቁን ይቀበላሉ። አንጀቴን በሉት። ለሴትዮዋ የአንድ ክኒን ስም ነገርኳቸው፣ ከክሊኒኩ ይጠይቁ ብዬ። ሄደው ተመለሱ። ክሊኒኩ ተቆልፏል። ለካ ድሬሰሩ እኔ ነኝ!

ሐሙስ ጧት መቶ አለቃው ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ቅሉ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ታስሮለታል።

«ዳኛው በገዛ ቋንቋው ሳይነበብለት የተፈረመ ቃል አልቀበልም ብለዋል» አለኝ። «አስተርጓሚው ታሟል። አንተ ኦሮምኛ ትችላለህ አሉ፤ አንብብለት።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ የራሴን ስም አገኘሁት። ገበሬው ሐሺሽ እያመረተ ለክሊኒኩ ድሬሰር እንደሚያስረክብ፣ ድሬሰሩም ከአድማ ወረቀት ጋር ለተማሪ እንደሚያድል ይናገራል። መቶ አለቃው ፈገግ አለ። በገዛ አፌ እንዳነበው ፈልጓል።

«ጣቱን ካሳረፈ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል በለው። ቅሉንም ይዞ ይሂድ።»

አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። በዚህ አልመካም፤ ሌላ ነገር ልል አስቤ ነበር። «ከፈረምክ ሚስትህንም ያስሯታል ይላል» ብላቸው ማን ያውቅብኛል? ይህ ሐሳብ በልቤ አልፏል፣ አልክድም። ተርጉሜ ስጨርስ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ኦቦ፣ ያሳርፉና ይሂዱ። አዲስ አበባ ወርደው ያን ክኒን ይፈልጉላት።»

«አንተስ?»

«እኔ እንደሆንኩ ታስሬያለሁ።»

«ስንት ዓመት ይፈርዱብሃል?»

«አላውቅም።»

ዋሸሁ። ወረቀት መደበቅ የወራት ነገር ነው፤ ይሄኛው ዕድሜ የሚበላ ነው። ኦቦ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ቅሉን አዩት። ብዙ አዩት። አንድ ፖሊስ አውራ ጣታቸውን ይዞ የማኅተም ቀለም ላይ ነክሮት ወደ ወረቀቱ እየጎተተ ነበር። እጃቸውን መንጭቀው ጣታቸውን በጭብጣቸው ውስጥ ደበቁት።

«ላኪ» አሉ። ተወው ማለታቸው ነው። «የሰው ልጅ አስበልቼ ልጄን አላድንም።»

«ምን አለ?» አለኝ መቶ አለቃው።

ተረጎምኩ።

ያን ቀን ኦቦ አውራ ጣታቸውን በምራቅና በአፈር ሲያሹ ዋሉ። ቀለሙ ከጥፍራቸው ሥር አልለቅ አለ። ዓርብ ባለቤታቸው ከሽቦው ማዶ ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩ። ቅዳሜ አልመጡም። እሑድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ጣት አላሳዩም።

ኦቦ ስንቁን ይዘው ተመለሱና ጥጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። «እግዜር ያጽናዎት» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ወይ ነዶ! በስንት ደጅ ለቅሶ ደርሼ፣ የማላውቀውን ሰው ሳጽናና ኖሬ፣ እሳቸው ፊት ስሆን ጠፋኝ። ኦቦ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ቂጣውን ፈቱና ለሁለት ቆረሱት። አንዱ ሰፋ ብሎ ወጣ። ሰፊውን ወደ እኔ ዘረጉት፤ አውራ ጣታቸው ላይ ቀለሙ እንዳለ ነው።

«ብላ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «አንተ ገና ትወጣለህ።»

በላሁ። እንዴት እንዳወረድኩት እግዜር ይወቀው።

እሳቸውን ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው። እኔ ከወራት በኋላ ተፈታሁ። ፉሪ ሄጄ ነበር፤ ቤቱ ተዘግቷል፣ ጎረቤት የሚያውቀው የለም።

አሁን አርጅቻለሁ። የወንድሜ ልጅ ፋርማሲስት ናት። በቅርቡ ይህን ታሪክ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ እኮ ካናቢዲዮል የሚባለው ይሆናል» አለችኝ። ተክሉ ውስጥ ራስ የሚያዞረው ሌላ ነው፣ ይሄኛው ሌላ። ይሄኛው አያሰክርም፤ አንዳንድ ልጆች ላይ የሚጥለውን በሽታ ያበርዳል። ለገመድ የሚዘራው ዓይነት ላይ የሚበዛውም እሱ ነው፤ በቅባት ስለሚሟሟ ቅቤው አውጥቶት ይሆናል። በሌላ አገር ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በጠርሙስ ሆኖ ሐኪም ያዘዋል። እኛ ዘንድ ሕጉ ተክሉን እንዳለ ነው የሚከለክለው፣ አንዱን ከሌላው አይለይም። «ደግሞ ጉበት ይጎዳል፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል፤ ቤት የሚነጠር ነገር አይደለም» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ልክ ናት። የኦቦ ቅቤ ያ ይሁን አይሁንም ማንም ሊያውቅ አይችልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ሐሙስ ቅሉ ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ኦቦ ጣታቸውን ሲደብቁ፣ ባለሙያ ነኝ ባዩ እኔ «ጌታዬ፣ ቅሉን ቢያንስ ለልጅቷ እናት ስጧቸው» ማለት እችል ነበር። ይሰጡ ነበር አልልም፤ አራተኛ ጥፊ ይሆን ነበር። ግን አልጠየቅኩም። ራሷን አያዞራትም ሲሉኝ አላመንኳቸውማ።

ሰፊውን ቁራሽ ግን በላሁ።