ቅቤ የተቀባችው ሥዕል

ሮቤ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ትከሻዬ ላይ የሥዕል ወረቀት የያዘ ረጅም ቱቦ አለ። የባጃጁ ነጂ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ መስዬው እስከ መናኸሪያ ድረስ የቤቱን ብልሽት ሲነግረኝ ሄደ።

የአድባር ዛፎች ሥዕል ለዐውደ ርእይ እያዘጋጀሁ ነው። ስምንቱን ጨርሻለሁ፤ ስምንቱንም የሠራሁት ከስልክ ፎቶ እያየሁ ነው። አዲስ አበባ ያለችው አዘጋጅ አይታቸው፣ “ዛፍ ናቸው እንጂ አድባር አይደሉም” አለችኝ። ተናደድኩ፤ ምክንያቱም ልክ ናት። ዘጠነኛው ካልተሳካ አዳራሹን ለሌላ ሰዓሊ ትሰጣለች።

ጎባ፣ ሁለት ሰዓት

ጨጨብሳ በማር፣ ሁለት ሻይ። ወደ ደሎ መና የሚወርድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ሾፌሩ መንገድ ላይ በምወርድባት ሪራ መንደር ምን ጉዳይ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ዛፍ ልስል ነው አልኩት። በመስኮቱ ግራና ቀኝ አየና ጎባ ውስጥ ዛፍ ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሳነቴ፣ አራት ሰዓት ገደማ

ጉም፣ ጅብራ፣ ድንጋይ፣ አይጥ። አንዲት ቀይ ቀበሮ አየን፤ እሷ ንቃን አለፈች። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ሐረና ጫካ ውስጥ ይገባል፤ ከየቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል።

ሪራ፣ ስድስት ሰዓት

አድባሯ ትልቅ ኮሶ ናት። ግንዷ በቅቤ ወዝቷል። አጠገቧ አዴ ሩቂያ የሚባሉ ንብ አርቢ እናት ይኖራሉ። ፈቃድ እንዳለኝ ሲጠይቁኝ ማኅተም ያለበትን የትብብር ደብዳቤ አወጣሁ። አላዩትም። በአገጫቸው ወደ ዛፏ አመለከቱ።

“ለእሷ ንገራት።”

ምን እንደምል ስላልገባኝ ደብዳቤውን ከ“ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግ ስለመጠየቅ” ጀምሮ አነበብኩላት። እስከ ግልባጩ ድረስ። አዴ ሩቂያ እስክጨርስ በትዕግሥት ቆሙና “በቃ፣ ሳላት” አሉኝ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ በከሰል ሳልኩ። በመሃል፣ ሙስሊም ሆነው ዛፍ ቅቤ መቀባታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“አስተግፊሩላህ፣ እኔ አልሰግድላትም። ጎረቤቴ ናት። ጎረቤት ሲደርቅ እያየሁ ዝም ልበል?”

ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። “ኢሼዻ” አሉ፤ በኦሮምኛ “እሷ ናት” ማለት ነው። ከቤት ቅቤ አምጥተው በአውራ ጣታቸው የሥዕሏን ግንድ ቀቡት። ቅቤው ወረቀቱ ላይ ተስፋፋ። ልጮህ ነበር፤ ግን እንባዬ ቀደመኝ። ይህን ያህል ዓመት ስስል ሥዕሌን እንዲህ ያመነልኝ ሰው አልነበረም።

ልጠቀልላት ስል ወዴት እንደምወስዳት ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ እንደምትሰቀል፣ ገዢ ከመጣም እንደምትሸጥ ነገርኳቸው።

“ጎረቤት ይሸጣል እንዴ፣ ልጄ?”

አልተቆጡም። አንዴ ቱቦውን አየሁ፣ አንዴ ሥዕሏን አየሁ። አዴ ሩቂያ በራቸው አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያውን አንስተው ቦታ ለቀቁላት። እኔው ሰቀልኳት።

ጎባ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ኔትወርክ እንደገባ አዘጋጇ ደወለች። ዘጠነኛው ተሳካ ወይ አለችኝ።

“ተሳክቷል” አልኳት። “ለዚህ ነው የማይመጣው።”