በቸርቹ ስፒከር የወጣው ድምፄ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በነበረ አንድ እሑድ ነው። ሳስታውሰው መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥሎ እስቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ ደረቴ ይነፋል።

ሳንታ ሞኒካ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ፣ የምኖረው አልጋና ምድጃ ባለው መኪና፣ በካምፐር ቫን ነው፣ ግጥም እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር፣ ምግብ ቤት ውስጥ ግጥም አንብቤ ስጨርስ፣ አንዱ ጠጋ ብሎ የዋይፋይ ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ስለ አማተር ሬዲዮ የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። ፈተና አልፈህ ፈቃድ ካወጣህ፣ ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት፣ በራስህ አንቴና ከዓለም ሰው ጋር ታወራለህ። ለብቻዬ አጥንቼ አለፍኩ።

ቫኔን የማቆመው ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቅ ቸርች ጓሮ ነበር። የፈቀዱልኝ የቸርቹ የድምፅ መሣሪያ ኃላፊ ጋሼ ታደሰ ናቸው። ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም።

ያን እሑድ ሬዲዮውን ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ አሰርኩ፣ ገመዱን ከባትሪው አገናኘሁ፣ ረጅሙን አንቴና ጣራው ላይ በብሎን አጠበቅኩ። በመጀመሪያ በአማርኛ ልሞክረው ብዬ ከፈቃዱ ጋር የተሰጠኝን የመጠሪያ መለያ ተናገርኩና፣ "ሰላም! ይሰማል?" አልኩ። መልስ የለም። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

የጓሮው በር ተበርግዶ ጋሼ ታደሰ ብቅ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ዝም በል! ስፒከሩ ውስጥ ነህ!"

ለካ ፓስተሩ "ጌታ ሆይ ተናገር" ብለው ሕዝቡ ጸጥ ባለበት ቅጽበት ነው እኔ "ይሰማል?" ያልኩት። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው፣ "አዎ፣ ይሰማል ጌታዬ!" ብለው መልሰዋል።

ሕዝቡ ሲወጣ ጋሼ ታደሰ እንደ ሌላው ሰው አልሳቁም። "ፓርኪንግ ብንሰጥህ መድረኩንም ወሰድክብን እኮ! እስከሚቀጥለው እሑድ ወይ ይሄን ዘንግ ታወርዳለህ፣ ወይ ቫንህን ሙቭ ታደርጋለህ።"

"አስተካክለዋለሁ ጋሼ" አልኩ። እንዴት እንደማስተካክለው ግን አላውቅም ነበር።

ችግሩን ሦስት ቀን ፈልጌ አጣሁት። ሐሙስ ከሥራ መልስ አንቴናውን ስፈታው ጥፋቴን አየሁት። የቫኑ ቀለም እንዳይላጥ ሳስቼ፣ የአንቴናውን መቀመጫ ቀለሙ ላይ ነበር ያሰርኩት። መቀመጫው ከጣራው ብረት ጋር ካልተነካካ የሬዲዮው ሞገድ መንገድ ስቶ በአካባቢው ባለ ገመድ ሁሉ ይገባል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መቀመጫውን ብረቱ ላይ አሰርኩት። የመጀመሪያዋ ጭረት ልቤን ነው የቧጠጠችው።

ከዚያ የቸርቹን ገመዶች እንዲያሳዩኝ ጋሼ ታደሰን ለመንኩ። አንዱ የማይክ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

"ይሄ ውስጡ ተበጥሷል፤ ድምፄ የገባው በዚህም ነው።"

"እኔ ነኝ የጠገንኩት! ስንት ዓመት ሠርቷል።"

"እዝዝ አይልም?"

"እሱማ ይላል" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ስፒከሩ ያረጀ መስሎን እኮ ነው።"

ገመዱን በአዲስ ቀየርነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የፈተናዬ ሰዓት ደረሰ። ጋሼ ታደሰ ስፒከሮቹን እስከ መጨረሻው ከፍተው አጠገባቸው ቆሙ፣ እኔ ቫኑ ውስጥ ገባሁ። መለያዬን ተናገርኩ፣ ደገምኩ፣ ሰለስኩ። ከዚያ ስልክ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ እንዴት ነው?"

"ምኑ? ተናገር እንጂ!"

"ተናግሬ ጨረስኩ እኮ!"

"እዝዝታውም የለም" አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት።

እሳቸው ሲስቁ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና አንድ ሰው በመለያዬ ጠራኝ። ከኒውዚላንድ ነው፤ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል አለኝ። ከቫኑ ዘልዬ ወርጄ ጓሮው ውስጥ ጨፈርኩ። ሰው እንዲሰማኝ ስመኝ ኖሬ፣ አንድ አዳራሽ ስላልሰማኝ ጨፈርኩ።

ለመዝሙር ልምምድ የመጡት እትዬ ብርቄ ቆመው አዩኝ።

"አሁን ደግሞ ማን መለሰልህ?"

"ኒውዚላንድ ያለ ሰው ነው፣ እትዬ።"

"እኔ ነኝ ቀድሜ የመለስኩልህ። እንዳትረሳ!"

ቫኔ ዛሬም እዚያው ጓሮ ነው፣ ዘንጉም ጣራው ላይ። ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገር ሰዎች ጋር አውርቻለሁ። ጮቤ ያስረገጠኝ የኒውዚላንዱ ሰው ነው። እትዬ ብርቄ ግን እውነታቸውን ነው፤ ቀድመው የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው።