አሥራ አንድ ጊዜ የተጫነው ቁልፍ

«አጎትህ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ ቀጥ ያለ መልስ የለኝም። የከተማውን የውሃ ፓምፖች የሚያዝዘውን ፕሮግራም ይጽፋል ብል እውነት ነው። ግን ሥራው በሰመረ ቀን የሚታይ ነገር የለም፤ ውሃው እንደ ትናንቱ ይወርዳል። ምንም ነገር እንዳይፈጠር የሚለፋን ሰው ምን ብለው ይጠሩታል? መሥሪያ ቤቱ «ሳያጠፉ» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል።

የእሱ ፕሮግራም ጠፍቶ አይጠገንም፤ እየሠራ ሳለ ነው የሚለወጠው። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ቁጭ ብሎ፣ አፉን ዘግቶ ሥራውን ይመለከታል። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ፓምፖቹ ጥቂት ሲያርፉ፣ በዚያች ፋታ ቦታ ይለዋወጣሉ። ፋታዋ የምትመጣው በየሁለት ሰዓቱ ነው። ፓምፖቹ እየገፉ ሳለ ከተለወጠ ዋናው ቧንቧ ይፈነዳል። ከአጎቴ በፊት የነበረው ሰው ቸኩሎ ሞክሮት ከተማው አራት ቀን በባልዲ ከርሟል።

ቤቱም እንደዚያው ነው። አዲስ ማቀዝቀዣ ከተገዛ ሦስት ወር ሆኖታል፤ አሮጌው ግን አጠገቡ ቆሞ ያጓራል። ሚስቱ ታዲያ «ነግ በኔ ነው! ከጎኔ ሌላ አስቀምጠህ ደግሞ እንዳትፈትነኝ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አዲሱ ፕሮግራም በእንግዶች ፊት ይመረቅ አለ። ትልቅ ቁልፍ አሠርቶ ሪባን አሰረበት።

«አምስት ሰዓት ላይ እጫነዋለሁ፤ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ይሆናል» አለው ለአጎቴ፣ በምረቃው ዕለት ጠዋት።

«ጌታዬ፣ ቁልፉ ይጠይቃል እንጂ አያዝዝም። ፋታ እስኪገኝ መቆየቱ አይቀርም።»

«እንግዳ ቆሞ ይጠብቃል እንዴ? ነገ ጠዋት ስገባ አረንጓዴ ካልሆነ የምትቀየረው አንተ ነህ!»

አጎቴ የሦስት ልጆች አባት ነው። ሄዶ ቁልፉን ከፕሮግራሙ ጋር አገናኘው።

ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ጨርሶ ተጫነ። መብራቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ። ደገመ። ሠለሰ። በአውራ ጣቱ ሞከረ፣ በመዳፉ ሞከረ፣ በመጨረሻም በክርኑ። አሥራ አንድ ጊዜ!

«የበር ደወል መሰላቸው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ እንግዳ። ሳቁ ሳይብስ ሁሉም ወደ ምሳ ተወሰደ።

የአጎቴ ፊት ግን አመድ መስሏል። ፕሮግራሙን ሲጽፍ ስለ መብረቅ አስቦ ነበር፣ ስለ ተሰበረ ቧንቧም አስቦ ነበር። ትልቅ ሰው ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ እንደማይተው ግን አላሰበም። እያንዳንዱ ጭነት «ቦታ ተለዋወጡ» የሚል ትእዛዝ ነው። ደግሞም ራሱ የጻፈው ደንብ አለ፤ ፕሮግራሙ የተቀበለውን ትእዛዝ ሁሉ አሰልፎ በየፋታው አንድ አንዱን ይፈጽማል፤ ሰልፉ ሳያልቅም ሌላ፣ «ሰርዝ» ቢሉትም፣ አይሰማም።

ስድስት ሰዓት ላይ ፋታዋ መጣች፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ያየው ግን የለም። ስምንት ሰዓት ላይ አሮጌው ተመለሰ፤ ቀይ። አሥር ሰዓት ላይ አረንጓዴ። አንዱ ቅብብል ከተበላሸ ቧንቧውም እንጀራውም አብረው ይሄዳሉና ከወንበሩ አልተነሣም።

ማታ ሚስቱ ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«አምስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።»

«ከዚያስ ስንት ይቀራል?»

«ስድስት።»

«ጎሽ! የሰው ባል ያመሻል፣ የእኔው ይቆጥራል።»

«ውሃ አለ?»

«ልብስ እያጠብሁ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ደህና ነን» አለና ስልኩን ዘጋ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንደኛው ቅብብል አለፈ። ሥራ አስኪያጁ ገብቶ አረንጓዴውን ሲያይ ደረቱን ነፋ።

«አየህ? ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ሰው ሲያገኝ ይታዘዛል!»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ሰውየው አንዲት ጊዜ ቀንሶ ቢጫን ኖሮ፣ አሁን የሚበራው ቀዩ ነበር።

«ተደጋግሞ የተጫነ እንደ አንድ ይቆጠር» የሚል አዲስ ደንብ ጻፈ። ያም ተራውን ጠብቆ አራት ሰዓት ላይ ገባ። ከዚያ አጎቴ ቤቱ ሄደ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ የውሃውን ድምፅ አዳመጠ፣ ዘጋው፣ ከነጫማው አልጋው ላይ ወደቀ። እንቅልፍ ሲወስደው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር።